ሁለት ቋንቋ የተጣሉባት እህቴ

ባለፈው መስከረም በወንድሜ ልጅ ምክንያት ቦንጋ ሄጄ ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ መጫወቻ መኪና ሲሰጡት ገልብጦ ጎማውን ብቻ ሲያሽከረክር ይውላል። ወንድሜ ለብቻው ሐኪም ፊት መቀመጥ ፈርቶ "እባክሽ አብረሽኝ ግቢ" ስላለኝ ገባሁ። አንዲት ወጣት ነርስ ወረቀት ዘርግታ ትጠይቀው ጀመር።

"የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ይጠቁማል?"

"አይጠቁምም።"

"አንድ ነገር ስታሳየው እጅህን ተከትሎ ያያል?"

"አያይም።"

"በእግሩ ጣቶች ይራመዳል?"

ወንድሜ ስለ ልጁ ይመልሳል፤ እኔ ደግሞ በሆዴ ስለ ሌላ ልጅ እመልሳለሁ። በየጥያቄው ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው እህቴ ጽጌ ነበረች።

ነርሷ ስትጨርስ "ኦቲዝም ይመስላል፤ ሐኪሙም ያየዋል" አለች፤ ጉንፋን የምትል ያህል ቀለል አድርጋ። ወንድሜ "ቤታችን ውስጥ አማርኛም ካፊኖኖም እናወራለን፤ አንዱን እንተወው እንዴ?" ሲላት ቀና ብላ አየችው።

"ለምን ትተዋላችሁ? በሁለቱም አናግሩት። ልጁን የያዘው ቋንቋ አይደለም።"

እኔ "መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። ከግቢው በር አጠገብ አንዲት ሴት እርጥብ ኮረሪማ በሰፌድ ዘርግታ ትሸጣለች። ቀዩ ቅርፊት በዝናብ ርሶ ያ የሚያፍን፣ የሚጣፍጥ ሽታው አየሩን ሞልቶታል። እዚያው አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ገና ያልተወለደበት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ዓመት እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ።

ቤታችን ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ከኋላችን የእንሰት ጓሮ፣ ከፊታችን ዝናብ ሲዘንብ ቦይ የሚሆን ቀይ መንገድ። አባቴ ከጎጃም በሥራ ተዛውሮ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ በዞኑ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። እናቴ ከጫካው ማዶ ያለው የማንኪራ መንደር ልጅ፣ ካፋ ናት፤ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። መንግሥት ተለውጦ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ከተባለ ገና ጥቂት ዓመት ነው። እናቴ ክረምቱን ሥልጠና ላይ ከርማ የካፊኖኖውን አዲስ መጽሐፍ ይዛ መጣች። መጽሐፉ በላቲን ፊደል ስለተጻፈ እኔ ካፊኖኖ እንግሊዝኛ ሆነ ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። አያቴ ከመቅጽበት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነችልኝ።

አያቴን "አያዬ" እንላታለን። የእናቴ እናት ናት። ጽጌ ስትወለድ እናቴ በአርባ አምስት ቀኗ ሥራ መግባት ነበረባትና፣ አያዬ ሕፃኗን ልትይዝ ከማንኪራ መጣች፤ እንደመጣች ቀረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ይስቃል፤ እሷ ግን ታየዋለች።

ጽጌ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት አንድም ቃል አልተናገረችም። ኮረሪማ እንዲደርቅ ምንጣፍ ላይ ሲሰጣ እሷ እየለቀመች ትደረድረዋለች፤ ጫፍ ለጫፍ አገናኝታ፣ ከደጃፉ እስከ አጥሩ ድረስ። አንዱን ብታነሳባት መሬት ላይ ተንከባልላ ትጮኻለች። እኔ ሆን ብዬ አነሳ ነበር፤ ጩኸቷም ቢሆን ለኔ የመጣ ነገር ስለሚመስለኝ። ከኔ ጋር እንድትጫወት እፈልግ ነበር። የሌሎች ልጆች እህቶች ይሳደባሉ፣ ያሳብቃሉ፣ ከረሜላ ይቀማሉ። የኔዋ በጎኔ አልፋ ስትሄድ እንደ ግድግዳ ነው የምታየኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ "ይቺ ልጅ ተዘግቶባታል" ትላለች። እኔ በሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ጽጌ ስትተኛ አፏን ከፍቼ አይቻለሁ።

የሰፈራችን ድሬሰር ከኋላዋ ቆሞ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ጽጌ አልዞረችም። "ደንቆሮ ናት" አለ። አያዬ ወደ ጓዳ ገባችና የማሩን እንስራ ክዳን ቀስ ብላ ከፈተች። ጽጌ ከግቢው ጥግ በእግሯ ጣቶች እየሮጠች መጥታ ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆመች።

"ይሰማል!" አለች አያዬ ለድሬሰሩ። "ይቺ ልጅ ይሰማል! አንተን ነው የማይፈልገው።"

ከዚያ ጸበል ተወሰደች፤ ሁለት ሳምንት። ቀዝቃዛው ውሃ ሲፈስባት ስትጮኽ ሰዎች "ያው ለቀቃት" አሉ፤ እናቴ ግን ሻርፗን አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅስ ነበር። ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችንም መጥተው ጸለዩላት። ሁሉም ከልባቸው ነው። ጽጌም እንደነበረች ናት።

በመጨረሻ አባቴ ፈቃድ ወስዶ ወደ ትልቅ ከተማ፣ ወደ ሐኪም ሄድን። እኔም ተወሰድኩ፤ ጽጌ አውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላቷን ከኔ ጭን ካላደረገች አትረጋም ነበርና። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ እሷ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ የወንበሩን እግር ስትዳስስ፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። ሐኪሙ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

"ስትወለድ ወዲያው ሥራ ገባሽ?" አላት እናቴን።

"አዎ፣ ዶክተር። በአርባ አምስት ቀኔ።"

"ማን ያዛት?"

"እናቴ።"

ዶክተሩ ጻፈ። "አየሽ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች የእናት ሙቀት ሲጎድልባቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ።" እናቴ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ጽጌን ጎንበስ ብላ አየች። እጇ ጭኗ ላይ እንዳለ ቀረ። "ቤት ውስጥ በስንት ቋንቋ ነው የምታወሩት?"

"በሁለት" አለ አባቴ።

"ይኸውላችሁ። የአእምሮ ዝግመት አለባት፤ በዚያ ላይ ሁለት ቋንቋ ተጣልቶባታል። አንዱን ተዉላት።"

"የቱን?"

"ወደፊት የሚጠቅማትን።"

ክፉ ሰው አልነበረም። ለጽጌ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጥቷታል። የሚያምንበት ትምህርት ያኔም አሮጌ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዚያን ቀን የገባኝ ግን ሌላ ነው። ዝግመት ማለት መዘግየት ነው፤ ጽጌ ግን ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፈጥና ትሮጣለች። ስለዚህ የዘገየው አእምሮዋ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ቀርቶ እየመጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ሲመጣ ግን እንደማውቀው እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ በሆዷ ውስጥ ጸጉር ለጸጉር ተያይዘው ይታዩኛል። ሆዷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጫለሁ፤ ይንጎራጎራል። "እውነትም ይጣላሉ" አልኩ።

በተመለስን ማግሥት አባቴ ሁላችንንም ሰበሰበ። "ዶክተሩ ያለውን ሰምታችኋል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አማርኛ ብቻ ነው። እስከ ገና እንሞክረው።" ከዚያ ወደ አያዬ ዞረ። "ለልጅቷ ብለን ነው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እናቴ በካፊኖኖ ልትተረጉምላት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አያዬ ግን ገብቷታል።

"ልጅ ይናገር እንጂ" አለች። "እኔ ዝም ይላል።"

እንዳለችውም አደረገች። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ የአያዬ ድምፅ ያለበት ቤት ነበር። ጽጌን አዝላ እንሰቱን ታወራዋለች፣ ዶሮውን ትቆጣለች፣ ለጽጌ የምታየውን ሁሉ እየነገረች ትዞራለች። አሁን "ደህና አደራችሁ" እና "በሉ ብሉ" ብቻ ቀረ። ጽጌን ስታጥባት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። እናቴ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዳ ለአርባ የሰው ልጆች በካፊኖኖ ፊደል ታስቆጥራለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ ለገዛ እናቷ "እማዬ፣ ውሃ ልስጥሽ?" ትላታለች በአማርኛ፤ አያዬም እንደ እንግዳ "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። ለኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ማን ቀድሞ ይስታል የሚባል። አባቴም ይህንኑ ሳያውቅ አደፋፈረኝ። "አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ። አያትሽ ስትረሳ ንገሪኝ፤ እኔ በደህና ቃል አስታውሳታለሁ" አለኝ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእንሰቱ ጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ተደብቄ አየሁ። አያዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ጽጌ ጀርባዋን ሰጥታት ደረቷ ላይ ተደግፋለች፤ አያዬ ጆሮዋ ሥር በካፊኖኖ ታወራላታለች። ስለ አንድ ቀፎ ነው የምትነግራት፤ ማንኪራ ጫካ ውስጥ አባቷ ስለሰቀለው ቀፎ። ጽጌ ዐይኗን ጨፍናለች። እጇ እንደወትሮው አይርገበገብም። እንደዚያ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም ነበር።

እኔ ግን ያየሁት ጸጥታዋን ሳይሆን ጠቡን ነው። ይኸው ልትፈወስ ስትል አያዬ እንደገና አጣላቻቸው! ይኸው በሷ ምክንያት እህት ሳትኖረኝ ልቀር ነው! አባቴ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት።

አባቴ አልጮኸም። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጓሮ ሄደና "እማማ፣ እባክዎ" አለ። ይህን ብቻ። አያዬ ጽጌን ከጭኗ አውርዳ፣ ልብሷን አራግፋ ተነሳች።

በማግሥቱ "ቡና ለቀማ ደረሰ" ብላ ወደ ማንኪራ ሄደች። ቡናው ገና እንደነበር እናቴም አባቴም ያውቃሉ። እኔም አውቅ ነበር።

ጽጌ የመጀመሪያውን ቀን አያዬ የምትተኛበት ቆዳ ላይ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለች። ከዚያ እጇን መንከስ ጀመረች፤ መዳፏ አጠገብ ያለው ቆዳ እስኪጠቁር ድረስ። እናቴ ስታቅፋት ትገፋታለች። አንድ ቀን እናቴ ጓዳ ውስጥ ሆና ለእትዬ ብርቄ "እውነቱን ነው ዶክተሩ፣ ሙቀት የለኝም" ስትል ሰማሁ። እኔ ትኩሳት የሚለካበት ነገር መስሎኝ፣ ማታ ግንባሯን ነካሁት። ይሞቃል። "እማዬ፣ ሙቀትሽ አለ" አልኳት። ጭምቅ አድርጋ አቀፈችኝ፤ ለምን እንዳለቀሰች አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ የግቢው በር ክፍት ሆኖ ተገኘ። ማን እንዳልዘጋው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጽጌ የለችም።

አባቴ ወደ ቀበሌና ወደ ፖሊስ ሮጠ። እናቴ በገበያው መሃል "ቀይ ሹራብ የለበሰች ሕፃን አይታችኋል?" እያለች ስትዞር እኔ ቀሚሷን ይዤ "ማንኪራ ናት፣ አያዬ ጋ ሄዳ ነው" እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። በኋላ ቅጠል የተሸከመች አንዲት ሴት "በእግሯ ጣት የምትሄድ ልጅ ናት?" አለች። "ጫካው መንገድ ላይ አልፋኛለች። ብጠራት፣ ብጠራት ዞር አትልም።"

ሮጥን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ያንሸራትታል። የጫካው ቅጠል ያንጠባጥባል፤ እናቴ ሁለት ጊዜ ወደቀች። አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ወንዙ ጋ ሰዎች ቆመው አየን። ወንዙ ላይ የተጋደመ ግንድ አለ፤ ሰው የሚሻገርበት። ጽጌ ግንዱ መሃል ላይ ቆማለች። ከሥሯ ደፍርሶ የሞላው ውሃ ይጮኻል። ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ይዛለች።

"አንድ እግሬን ሳሳርፍ ወደ ኋላ ትሸሻለች" አለ እዚያ የቆመ ማር የጫነ ሰውዬ። "ልትወድቅብኝ ነው ብዬ ተውኩት።"

"ጽጌ! ጽጌዬ! ነይ እናቴ፣ ነይ ወደ እኔ!" አለች እናቴ። ጽጌ ወደ ግንዱ ጠርዝ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። ሰዎቹ "ኧረ!" ብለው ጮኹ፤ ጩኸቱ ባሰባት። እናቴ እጇን ዘርግታ ዝም አሰኘቻቸው።

ከዚያ በካፊኖኖ ተናገረች። ሳትጮኽ፣ እንደ ጨዋታ። አያዬ ጽጌን መሬት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ሁልጊዜ የምትላትን ነው ያለቻት፤ "ቁጭ በይ፣ አሁን መጣሁ"። ደጋግማ አለችው፤ በአያዬ ዜማ፣ በአያዬ መጎተት። ጽጌ ወደ እናቴ አላየችም። ፊቷም አልተለወጠም። ግን ጉልበቷን አጥፋ ግንዱ ላይ ቁጭ አለች።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ግንዱ ላይ በሆዷ ተሳበች። እየተሳበች አንድ ጊዜም አላቋረጠችም፤ ያንኑ ቃል ትላለች። እጇ የጽጌን ሹራብ ሲጨብጥ ማር የጫነው ሰውዬ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ስንመለስ ጽጌ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበረች፤ እናቴ መንገዱን ሙሉ በካፊኖኖ እየነገረቻት መጣች። ይህ ዛፍ እንዲህ ነው፣ ያች ዝንጀሮ እንዲህ ሆናለች፣ ሲደርሱ ቆጮ ይበላል። የወራት ዝምታ በአንድ ቀን ፈሰሰ። ከከተማው መግቢያ ላይ አባቴ ከሁለት ፖሊሶች ጋር አገኘን። ጽጌን ሲያይ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ከዚያ የእናቴን ንግግር ሰማ። እሷም መስማቱን አይታ ቆመች።

"አንተ ከፈለግህ በአማርኛ አናግራት፤ ደስ ይለኛል" አለችው። "እኔ ልጄን በተወለድኩበት አፍ ነው የምጠራት። ማንም ዶክተር ከዚህ በኋላ አፌን አይዘጋውም።"

አባቴ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። መጥቶ የኔን እጅ ያዘ። እጁ በረዶ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ እናቴና እኔ አያዬን ልናመጣ ማንኪራ ሄድን። አያዬ ቤቷ ደጃፍ ላይ ኮረሪማ ትፈለፍል ነበር። የሆነውን ስትሰማ እጆቿ ቆሙ፤ ከዚያ መፈልፈሏን ቀጠለች፤ በፍጥነት፣ በጣም በፍጥነት። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ አጠገቧ ተቀመጥኩና በካፊኖኖ "ለአባዬ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። በራሷ ቋንቋ ስትናገር አያዬ ሌላ ሰው ናት፤ የምትሳሳት፣ የሚሳቅባት አሮጊት አይደለችም። "ከእንሰቱ ቅጠል ሥር እግርሽን አይቼዋለሁ። ካልሲሽ አንዱ ነጭ አንዱ ሰማያዊ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሄድሽ?"

"አንቺ ባትነግሪም እሄድ ነበር። ዝምታው ደከመኝ። ልጅ አዝዬ ዝም ማለት አልችልበትም።" ሌላ ፍሬ አንስታ፣ "ለእህትሽ ብለሽ ነው የነገርሽው። አባትሽም ለእሷ ብሎ ነው። ሐኪሙም እንደዚያው። ማንም ግን እሷን የጠየቀ የለም" አለች።

"መናገር አትችልማ!"

"ደረቴ ላይ ተደግፋ ያየሻት ቀን ምን ስትል ነበር?"

ፍልፍሉን ኮረሪማ እጄ ላይ ቆጥራ ሳይሆን ዘግና አፈሰሰችልኝ፤ ጣቶቼ ለሳምንት ሸተቱ።

አያዬ ከኛ ጋር ተመለሰች። ሕጉን ያነሳው ሰው የለም፤ ዝም ብሎ ቀረ። ጽጌ እጇን መንከሷን ወዲያው አልተወችም፤ ቀስ በቀስ ነው። ብዙ አልተናገረችም፤ ዛሬም ብዙ አትናገርም። እኔ ግን ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሜ መጠበቄን ተውኩ። መቼ እንደተውኩት እንኳን አላስተዋልኩም።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ሁላችንም ቤት ነበርን። እናቴ ደብተር ታርማለች፤ አያዬ ቅርጫት ትጠግናለች፤ አባቴ ጋዜጣ ያነባል። ጽጌ ባዶ ኩባያ ይዛ መጥታ አባቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችና አንድ ቃል አለች። "ውሃ" ማለቷ ነው፤ በካፊኖኖ። ጥርት ያለ፣ ጎርነን ያለ ድምፅ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ይኖራታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የእናቴ እስክሪብቶ ቆመ። አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቦንጋ የኖረ ሰው ነው፤ ቃሉን ያውቀዋል። ግን ወደ አያዬ ዞሮ "ምን አለች፣ እማማ?" አላት።

"አንተ በል" አለች አያዬ። "እሷ አለ። አንተ ደግሞ በል።"

አባቴ ተነስቶ ከእንስራው ቀዳ። ኩባያውን ይዞ ጽጌ ፊት በርከክ አለና ቃሉን ደገመው። አያዬ ሳቀች፤ መጨረሻውን ቆርጦታል። እንደገና አለው። "አይደለም" አለች እናቴ፣ እንደ ተማሪዋ፤ አፏን አሹላ አሳየችው። እንደገና አለ። ጽጌ ውሃዋን ጠጥታ ጨርሳ ኩባያውን እጁ ላይ አስቀምጣ ስትሄድ፣ አባቴ ገና እየተለማመደ ነበር።